ለሚያደምጥ የተጻፈ ደብዳቤ

ስድስት ዓመት አፌን ይዤ ኖሬአለሁ። ዝምታ የሚያሳክከኝ ሰው መሆኔን የሚያውቀኝ ሁሉ ያውቃል። ዘንድሮ ሙሚናን ቀብረን ስንመለስ ጀናዛዋን ከተሸከሙት አንዱ ጠጋ ብሎ፣ «ጀይላን፣ ከእንግዲህ ተናገር። በእኔ በኩል ፈቅጃለሁ» አለኝ። ስጠብቅ የኖርኩት የእሱን ፈቃድ ነበር። ማን እንደሆነ ስደርስበት ታውቁታላችሁ።

ከሚሴ ውስጥ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ፣ ኮምፒውተር እጠግናለሁ። ሱቄ የበር ያህል ናት፤ ደንበኛ ሲገባ እኔ መውጣት አለብኝ። ሙሚናን የማውቃት ግን ከሙያው በፊት ነው። ደግሞስ ከሚሴ ውስጥ እሷን የማያውቅ ሰው ከነበረ፣ ትናንት ከአውቶቡስ የወረደ መሆን አለበት።

በደርግ ጊዜ ገና የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለች በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት በታይፒስትነት ተቀጠረች። የመሥሪያ ቤቱ ምስጢራዊ ደብዳቤ ሁሉ በእሷ ጣት ያልፍ ነበር። ያኔ ደብዳቤ ሲመታ በሁለት ወረቀት መሃል ካርቦን ይገባል፤ ያን ካርቦን ወደ ብርሃን አንስቶ ያየ ሰው የተጻፈውን ቃል በቃል ያነበዋል። ሙሚና ካርቦኑን ቅርጫት ውስጥ ጥላው አታውቅም። በቀሚሷ ኪስ ይዛው ቤቷ ትሄድና ከሰል ምድጃዋ ላይ ታቃጥለዋለች። ሠላሳ ዓመት እንዲህ ስታደርግ ያዘዛት ሰው አልነበረም።

ጡረታ ስትወጣ ጅዳ ያለችው ልጇ ሰልማ ኮምፒውተርና ማተሚያ ላከችላት። ሳሎኗ ጥግ ላይ አስቀመጠችው፤ የከሚሴ ሰውም ተከትሏት መጣ። ፍቺ፣ ውርስ፣ ኑዛዜ፣ አቤቱታ፣ ወንድም በወንድሙ ላይ ያለው ቂም ሳይቀር እዚያች ሳሎን ይራገፋል። በሩን ትዘጋለች፣ ታዳምጣለች፣ ትጽፋለች፣ አትማ ትሰጣለች። ከዚያ የጻፈችውን ታጠፋለች። ኮምፒውተሩ ላይ ያለውን ቅርጫትም ትደፋለች። ልቧ አሁንም አልሞላ ሲል ገመዱን ከግድግዳው ትነቅለውና «አቃጠልኩት» ትላለች። እኔ ባለሙያ ተብዬው ይህን ባየሁ ቁጥር እስቅ ነበር። ኮምፒውተር እንደ ካርቦን አይደለም፣ የጠፋ የመሰለሽ ሁሉ አልጠፋም ብዬ ልነግራት ሲገባኝ ስቄ ዝም አልኩ።

«የሙሚና ሆድ ጉድጓድ ነው» ይላል ሰው። ባሏ ከሞተ ወዲህ የቀራት ሀብት ይኼ ስም ነበር፤ ትኮራበትም ነበር።

በ2004 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ፣ ከከሚሴ ወጣ ባለው ጨፋ ውስጥ፣ ሁለት ወጣት ገበሬዎች በመስኖ ውሃ ተራ ተጣሉ። ቃሲም የሚባለው ሙጂብ የሚባለውን በዱላ መታው። አንድ ጊዜ ብቻ ነው የመታው ይላሉ። ሙጂብ በሦስተኛው ቀን ሞተ። ታላቅ ወንድሙ በድሩ በቀብሩ ላይ እንባ አላወጣም፤ ይህን ያየ ሰው ሁሉ ያኔውኑ ፈራ።

ፖሊስ ቃሲምን ይዞ ጥቂት አቆየውና ጉዳዩ እስኪታይ በዋስ ለቀቀው። እኛ አገር ግን ደም የሚደርቀው በፍርድ ቤት ብቻ አይደለም። ደም የተቃቡትን የሚያስታርቀው አበጋር የሚባለው ሽማግሌ ነው፤ ከአባት ወደ ልጅ የሚወርድ ሥራ ነው። ሸህ ጀይሉ የሚባሉት የአካባቢው አበጋር ገቡበት። በድሩም ዕርቁ እስኪፈጸም እጁን ላያነሳ ቁርአን ይዞ ማለ። ያን መሐላ ያፈረሰ ሰው ሲሞት ጀናዛውን የሚሸከምለት አያገኝም ይባላል። ሸህ ጀይሉ ግን ብዙ ደም ያዩ ሰው ናቸውና በመሐላ ብቻ አልተኙም። ቃሲምን ደበቁት፤ በየሁለት ሳምንቱም ቤት ያስቀይሩታል።

አሠራራቸው እንዲህ ነው። ደባቂው ሰው ቃሲምን የሚቀበለውም ሆነ ለሌላ የሚያስረክበው ሸሁና ሁለት ሽማግሌዎች የፈረሙበት ደብዳቤ ሲደርሰው ብቻ ነው። «ሸሁ ልከውኝ ነው» ብሎ የሚመጣ ጠላት ሊሆን ይችላልና ያለ ወረቀት አይነቃነቅም። ደብዳቤውን አስነብቦ ያቃጥለዋል። ያን ደብዳቤ የምትጽፈው ሙሚና ነበረች። ከተማው ሙሉ ይህን ያውቃል፤ ሸሁ ከእሷ ሌላ ጸሐፊ አምነው አያውቁም።

ኅዳር ላይ አስጠራችኝ። «ጀይላን፣ አካም ጅርታ? ና እስኪ፣ ይቺ ዕቃ ጂን ገብቶባታል» አለችኝ። ስደርስ ስክሪኑ ላይ መስኮት በመስኮት ላይ ይደራረባል። ሚሊዮን አሸንፈዋል ይላል አንዱ። ኮምፒውተርዎ ታሟል፣ እዚህ ይጫኑ ይላል ሌላው። አንዷ ደግሞ ልብስ የቸገራት ሴት ናት፤ በዘጉባት ቁጥር ትመለሳለች። ለካስ ይቺው ሴት ሸህ ጀይሉ ተቀምጠው ደብዳቤ እያስጻፉ ሳለ ብቅ ብላባቸው ኖሯል። ሙሚና ቴሌቪዥኑ ላይ ያለውን ዳንቴል መንጭቃ ስክሪኑ ላይ ወረወረች፤ ሸሁም «አስተግፊሩላህ» ብለው ጣራ ጣራውን እያዩ ደብዳቤያቸውን ጨረሱ። ይህን ስትነግረኝ ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ።

ችግሩ ቀላል ነበር። ከሰልማ ጋር የምትነጋገርበትን ነጻ ፕሮግራም ስታወርድ የማስታወቂያ ጥርቅም አብሮ ተጭኗል። አንድ በአንድ ነቅዬ አወጣሁት። ልጨርስ ስል፣ ኮምፒውተሩ ሲነሳ አብሮ የሚነሳ ስም የሌለው አንድ ፕሮግራም አየሁ። የማተሚያው ይሆናል ብዬ ተውኩት። አላየሁትም ብል ለእኔም ይሻለኝ ነበር፤ ግን አይቼዋለሁ።

«ድናለች፣ አብሽሪ» አልኳት።

ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው። በዚያች እርቃኗን በቀረች ሴት እየሳቅኩ ከእሷ ኋላ የተቀመጠውን ተውኩት። ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ከዚያ ወዲያ ነገሩ መልኩ ከፋ። ቃሲም በመጀመሪያ ከተደበቀበት ቤት አጠገብ፣ የማይታወቁ ሁለት ሰዎች ምንጭ ላይ ያገኟቸውን ሴቶች «እንግዳ ይዛችኋል ወይ?» ብለው ጠየቁ። ሸሁ በዚያው ቀን አነሱት። በሁለተኛው ቤት ሁለቱም ውሾች አንድ ጠዋት አረፋ ደፍቀው ሞተው ተገኙ። እንደገና አነሱት። አሁን ጥርጣሬው ወደ ውስጥ ዞረ። ከፈራሚዎቹ አንዱ፣ ሰባ ዓመት የዘለላቸው ሽማግሌ፣ «አንተ ነህ የምታወጣው» ተባሉ። «ምላሴን ቁረጡና እዩት» እያሉ በከዘራቸው ተደግፈው ከሸንጎው ወጡ። ከዚያ ቀን ጀምሮ መስጊድ ውስጥ አጠገባቸው የሚሰለፍ ሰው እየፈለጉ ያጡ ነበር።

ሙሚናን የጠረጠረ ግን አልነበረም። እሷም ራሷን አልጠረጠረችም። ያን ሰሞን መንገድ ላይ ሳገኛት ከስታለች። «የሰው አፍ ምን ነካው፣ ጀይላን?» አለችኝ። 

ጥር ላይ አንድ ጁምዓ ጠዋት ደወለች። ኢንተርኔቱን የምትከፍተው ጁምዓ ጁምዓ ከሰልማ ጋር ለመነጋገር ነው፤ በከፈተችው ቁጥር ኮምፒውተሩ መጎተት ጀምሯል። አራት ሰዓት ላይ ደረስኩ። ያ ስም የሌለው ፕሮግራም እንዳለ አለ። ማተሚያውን ነቀልኩት፤ እሱ ግን አልተነቃነቀም። ያኔ የማተሚያው አለመሆኑ ገባኝ።

የተደበቀበትን ቦታ አግኝቼ ከፈትኩት። ውስጡ ረጅም ጽሑፍ ነው። ከጥቅምት ማብቂያ ጀምሮ ሙሚና የነካቻት እያንዳንዷ ፊደል አለች። ተሳስታ የሰረዘችው እንኳ አልቀረም።

መነጽሯን አድርጋ ከትከሻዬ በላይ አነበበች። «ይኼ የማን ጽሑፍ ነው?»

«ያንቺ ነው፣ እቴዋ።»

«እኔ አቃጥዬዋለሁ።»

«አልተቃጠለም» አልኳት። «አንድ ሰው የምትጽፊውን የሚሰልል ነገር ጭኖብሻል። ኢንተርኔቱ ሲከፈት በየግማሽ ሰዓቱ ይልክለታል።»

ወደ ታች ወረድኩ። መጨረሻው ላይ ትናንት ከአሱር በኋላ የጻፈችው ደብዳቤ አለ፤ ቃሲም ከጨፋ ሮቢት ወዲያ ዓብዱልመጂድ በሚባል ገበሬ ቤት መግባቱን ይናገራል። ዛሬ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ተልኳል። የሚላክበትን አድራሻ ፈለግኩ። አድራሻው ውስጥ ስም አለ። ሱዓድ ይላል።

ሱዓድ የሟቹ የሙጂብና የበድሩ እህት ናት። ኮምቦልቻ ኮሌጅ ገብታ ኮምፒውተር ትማር ነበር። ወንድሟ ከተቀበረ በሁለተኛው ሳምንት፣ የትምህርት ቤት ወረቀት አትሚልኝ ብላ ፍላሽ ይዛ ሙሚና ዘንድ መጥታ ነበር።

ሙሚና ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። «ዙሁር ልሰግድ ገባሁ» አለች። «‹እቴዋ፣ እስክትሰግጂ ኮምፒውተሩን ላጽዳልሽ› አለችኝ። አሥር ደቂቃ ነው። ስወጣ ሻይ አፈላሁላት። ስለ ወንድሟ አብሬያት አለቀስኩ።»

ላጠፋው እጄን ስሰድ ያዘችኝ።  «ቆይ። ዛሬ ጁምዓ ነው። በድሩ ጁምዓ አይተውም፤ ሰግዶ ነው የሚሄደው።»

ሸህ ጀይሉ ጋ ደወልኩ፤ ስልካቸው ተዘግቷል። ዓብዱልመጂድ ያለበት ኔትወርክ የለም። ፖሊስ ስላት ራሷን ነቀነቀች። ፖሊስ ከገባ በድሩ መሐላ ማፍረሱ ይሰማል፤ ይህ ከተሰማ የቃሲም ዘመዶችም መሣሪያቸውን ያነሳሉ፤ አንዱን እናድን ስንል አሥር እንቀብራለን አለች። እውነቷን ነበር።

«ይኼ ነገር አሁንም ይሰማል?» አለችኝ ስክሪኑን እያየች።

«ይሰማል።»

«የምጽፈውን ያደርስላታል?»

«ኢንተርኔቱን ካልዘጋሽው፣ ከጁምዓ በፊት ይደርሳታል።»

«እንግዲያው ተወው። ልናገርበት።»

ወንበሯን አስጠጋች። ፊደል ሳታይ በአሥር ጣቷ መታችው፤ አንድም ጊዜ አልሰረዘችም። «በትናንቱ ደብዳቤ የተጠቀሰው ቦታ ስጋት ያለበት በመሆኑ፣ ቃሲም ዛሬ ማለዳ ተነስቶ ከሚሴ ከተማ በሙሚና ቤት ጓዳ ውስጥ እንዲቆይ ተደርጓል።»

«እቴዋ! የራስሽን ቤት?»

«ታዲያ የማንን ልጻፍ? የጎረቤቴን?»

ተቆጣሁ። ጮህኩም። አንቺ ማን ሆነሽ ነው፣ ሽማግሌ ያቃተውን ጉዳይ ብቻሽን ልትጨርሺ የተነሳሽው አልኳት። አስጨርሳኝ፣ «ምናልባት ካላመኑኝ፣ ልጁን ከዚያ አንሳው። ሂድ» አለች። ስወጣ በሩን ልዘጋላት ስል ክፍቱን እንድተወው ነገረችኝ።

ፈርቼ ነበር፤ መደበቅ አያስፈልግም። ከሕፃንነቴ ጀምሮ ጁምዓ ያመለጠኝ ያን ቀን ነው። ሚኒባሱ ውስጥ ሆኜ የጨፋን ሜዳ ሳይ፣ ከፊታችን የሚሄደው ሞተር ሁሉ በድሩን ይመስለኛል። ከጨፋ ሮቢት በእግሬ ሮጥኩ። ዓብዱልመጂድ ደጁ ላይ ቆሞ አዳመጠኝና፣ «ደብዳቤስ?» አለኝ።

ደብዳቤ የለኝም። ብምልም ብገዘትም ንቅንቅ አላለም፤ እኔን ራሴን በድሩ የላከኝ መሰለው። በመጨረሻ፣ «እንግዲያው አንተው ራስህ ውሰደው። ወዴት እንደምትወስደው ለእኔ አትንገረኝ» አልኩት። ይኼ ገባው። ከማሽላው ጎተራ ኋላ አንድ የከሳ ልጅ የዱዓ መቁጠሪያ ሙስበሃውን ጨብጦ ብቅ አለ። አላየኝም፤ ፊቱን ሸፍኖ ተከትሎት ሄደ።

አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ሙሚና ደጅ ደረስኩ። በሩ እንዳለ ክፍት ነው። ደጃፉ ላይ ነጭ ሻሽ ተነጥፏል። ሻሹ ላይ የጫማ ዱካ አለ፤ በአቧራ የታተመ፣ አንድ ብቻ።

እኛ ዘንድ ሴት ሻሿን ከራሷ አውርዳ በጠበኞች መሃል ካነጠፈች ወንድ አይሻገረውም። ትንሽ ሳለን ሲወራ የምንሰማው ነበር፤ ሲደረግ አላየሁም። ሙሚና ከደጃፉ ወዲያ ራሷን እንደገለጠች በርጩማ ላይ ተቀምጣለች። ፀጉሯ ነጭ መሆኑን ያን ቀን አወቅኩ፤ ዓይኔን ወደ መሬት ጣልኩ።

«ልጁስ?» አለች።

«ተነስቷል።»

«አልሀምዱሊላህ።» ከዚያ የሆነውን ነገረችኝ።

ከጁምዓ በኋላ ሦስት ሆነው መጡ፤ በድሩና ሁለት የአጎቱ ልጆች። ከጋቢያቸው ሥር ምን እንደያዙ አልጠየቀችም። በድሩ «ጓዳሽን ክፈቺ» አላት። «ጓዳው ባዶ ነው። ደብዳቤውን የጻፍኩት ለእህትህ ነው» አለችው። ይኼን ጊዜ ቀኝ እግሩን አንስቶ ሻሹ ላይ አሳረፈ። እሷም ከተቀመጠችበት አልተነሳችም።

«በድሩ፣ የሙጂብን የኒካህ ወረቀት የጻፍኩት በዚህ እጅ ነው። ሁለተኛውን እግርህን አስከትልና ጨርስ» አለችው።

ብዙ ቆመ። የአሱር አዛን ሲሰማ እግሩን መለሰ። ጥቂት ከሄደ በኋላ ዞሮ፣ «ለማን ትናገሪያለሽ?» አላት።

«ለማንም።»

«መሐላዬን...»

«ለማንም አልኩህ።»

እኔንም በድሩ ራሱ ካልፈቀደ በቀር እንዳልናገር በዚያው ቦታ አስማለችኝ። መናገር የምችለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ወሬው የወጣው ከእሷ ኮምፒውተር መሆኑን። ያም የተጠረጠሩት ሽማግሌ ስም እንዲጸዳ ነው። ለሸህ ጀይሉ ነገርኳቸው። ሸሁ ትክክለኛ ሰው ናቸው፤ በሚቀጥለው ጁምዓ በሰው ፊት ቆመው፣ «ሽማግሌው ንጹሕ ናቸው፤ ምስጢሩ የፈሰሰው ከሙሚና ቤት ነው። እዚያ ያስጻፈ ሁሉ ይጠንቀቅ» አሉ። የቀረውን አላወቁም። ሙሚና ይህን ስትሰማ፣ «ደግ አደረጉ» አለች።

ኮምፒውተሩን ከሥሩ አጽድቼ እንደ አዲስ ጫንኩላት። «ድናለች» ለማለት ግን አፌ አልታዘዘልኝም። ብልስ ማን ይሰማል? ከዚያ ጁምዓ በኋላ የዚያን ቤት በር ያንኳኳ ባለጉዳይ የለም። ፍቺዋን ያስጻፈች አንዲት ሴት መጥታ አጥሩ ላይ ቆማ፣ «ያንቺን ሆድ አምኜ!» ብላ ተሳድባ ሄደች።  ሱዓድም ወደ ኮምቦልቻ እንደሄደች ቀረች።

ሚያዝያ ላይ ዕርቁ ተፈጸመ። ሰንጋ ታረደ፣ ዱዓ ተደረገ፤ ቃሲምና በድሩ በሰው ሁሉ ፊት ተቃቀፉ። በድሩ ያኔ አለቀሰ። እኔም እዚያ ነበርኩ። ሙሚናን የጠራት አልነበረም።

በዓመቱ ሬዲዮዋን ልጠግንላት ቤቷ ተቀምጬ ሳለሁ ቃሲም መጣ። ሊያገባ ነው። ፊቱ ሞልቷል፣ አዲስ ሽርጥ አገልድሟል፤ እጁ ላይ የኒካህ ወረቀት ይዟል። መጻፍም ማንበብም አያውቅም።

«እቴዋ፣ አትቀየሚኝ» አለ መሬት መሬቱን እያየ። «ሌላ ቦታ ነው ያስጻፍኩት። ባንቺ ቤት ምክንያት ሞቼ ነበር፣ ሰው ሁሉ የሚለው ነው። ቂም ግን አልያዝኩብሽም። የጻፉልኝን ልክ መሆኑን ብቻ አንብቢልኝ።»

የያዝኩት መፍቻ ከእጄ ወደቀ። ልናገር አፌን ስከፍት ሙሚና በዓይኗ ያዘችኝ። ያንን ዓይን እስክሞት አልረሳውም። መነጽሯን አድርጋ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ቀስ እያለች አነበበችለት። ሁለት ቦታ ስሙን አሳስተውበት ነበርና በእስክሪብቶ አረመችለት። «አላህ ያስተካክልላችሁ» ብላ ወረቀቱን መለሰችለት።

አምና በክረምት ታመመች፤ ዘንድሮ አረፈች። ቀብሯ ላይ ከፊት ሆኖ ጀናዛዋን የተሸከመው በድሩ ነው። ሰው ለምን እንደሆነ አልገባውም። ስንመለስ «ተናገር» ያለኝም እሱ ነው።

ይኼው ተናገርኩ። ቃሲም ማንበብ አይችልም። የሚያነብለት ሰው ግን አያጣም።